ካርዱ ለማን ነው? በድንች ማህተምና በወዳደቁ ነገሮች ካርድ ስለ መሥራት

የእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ሲባል ብዙዎቻችን ከተማሪነታችን ጀምሮ የምናውቀው አንድ አካሄድ አለ። መምህሩ ቤቱ አምሽቶ ያሳመረውን ናሙና ጥቁር ሰሌዳ ላይ ይለጥፋል። «ይህን የመሰለ ካርድ ለዓርብ ሠርታችሁ ኑ» ይላል። ዓርብ ሲደርስ የባለሱቁ ልጅ በሚያብረቀርቅ ወረቀት የተሸፈነ ካርድ ይዞ ይመጣና ከ10 10 ያገኛል። ሌላው ደግሞ ከደብተሩ መካከል የገነጠላትን ወረቀት አጣጥፎ ከዴስኩ ሥር ይደብቃታል። እንግዲህ እዚህ ላይ የተመዘነው ምንድን ነው? የወላጅ ኪስ ነው።

እኛ የእጅ ሥራ ትምህርት የደረሰን ሠልጣኞች ለማስተማር ልምምድ ስንዘጋጅ በዚህ ጉዳይ ብዙ ተከራክረናል። በመጨረሻም 60 ተማሪ ባለበት ክፍል፣ ልጆቹ ከሱቅ ምንም ሳይገዙ የሚሠሩት የካርድ ትምህርት አውጥተን በልምምድ ላይ ሞክረነዋል። የሞከርነውን እዚህ ግድግዳ ላይ የምናቀርበው ተራው የሚደርሳችሁ ጓደኞቻችን እንድትጠቀሙበት፣ የምትነቅፉት ካለም እንድትነግሩን ነው።

«ካርድ የፈረንጅ ነገር አይደለም እንዴ?» ያለን አልጠፋም። ይሁን፤ የታጠፈው ወረቀት የፈረንጅ ይሁን። ነገር ግን መስከረም 1 ቀን ሴቶች ልጆች አበባየሆሽ እያሉ ሲዞሩ፣ ወንዶቹ አበባና ፀሐይ፣ አንዳንዴም መላእክት ስለው ለየጎረቤቱ ያድላሉ። ጎረቤትም ተቀብሎ ሳንቲም ወይም ዳቦ ይሰጣቸዋል። ይህ የካርድ ሥራ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ሥዕሉ ተቀባይ አለው፤ ልጁ ገና ቀለሙን ሲበጠብጥ የትኛውን በር እንደሚያንኳኳ ያውቃል። እኛም ትምህርቱን የጀመርነው ከዚሁ ነው። ወረቀትም ቀለምም ከመታደሉ በፊት እያንዳንዱ ተማሪ ካርዱን ለማን እንደሚሠራ በቁራጭ ወረቀት ይጽፋል። መምህሩ ይሰበስባል እንጂ ጮክ ብሎ አያነብም።

በዚህ ላይ አጥብቀን የምንናገረው ነገር አለ። «ለእናታችሁ ካርድ ሥሩ» ብሎ ማዘዝ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በአንድ ክፍል ውስጥ እናቱ የሞተችበት አለ፤ እናቷ ዓረብ አገር ለሥራ ሄዳ በአያቷ እጅ የምታድግ አለች፤ ከእንጀራ እናቱ ጋር የማይስማማም አለ። ለሌላው ደስታ የሆነው ትእዛዝ ለእነዚህ ልጆች 40 ደቂቃ ሙሉ አንገት ማስደፊያ ነው። ተቀባዩን ልጁ ራሱ ይምረጥ። እናቷ ዓረብ አገር ያለችባት ልጅ ከፈለገች ለእናቷ ትሥራ፤ ዛሬ ካርዱን በስልክ ፎቶ አንስቶ በዚያው ቀን ማድረስ ይቻላል። ካልፈለገችም ለአያቷ ትሥራ። በሞከርንበት ክፍል አንዲት የአራተኛ ክፍል ተማሪ የመረጠችው የትምህርት ቤቱን ዘበኛ ነበር። ውስጡ «ጋሼ፣ ባረፈድኩ ጊዜ በሩን ስለሚከፍቱልኝ አመሰግናለሁ» ብላ ጻፈች። እርግጥ የጽሑፉ ይዘት ለሥነ ሥርዓት ክትትል ብዙም አይመችም፤ ካርዱ ግን ከክፍሉ ሁሉ ጥርት ብሎ የታተመ ነበር። ለማን እንደምትሠራ ታውቃለችና!

በዓሉንም ቢሆን መምህሩ መወሰን የለበትም። ገና የሚያከብር አለ፣ ዒድ የሚያከብር አለ። እንቁጣጣሽ እንደ ዘመን መለወጫነቱ የሁሉም ስለሆነ ለናሙና እሱን ወስደናል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። አንድ ኤ4 ወረቀት ርዝመቱ 29.7 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዱ 21 ነው። በርዝመቱ መካከል ላይ ከተቆረጠ ለሁለት ተማሪ ይሆናል፤ እያንዳንዱ ግማሽ እንደገና መሐል ለመሐል ሲታጠፍ ተለቅ ካለ የእጅ መዳፍ የማይበልጥ ካርድ ይወጣዋል። ስለዚህ ለ60 ተማሪ 30 ወረቀት በቂ ነው። በአንድ ወገኑ የተጻፈበት የቢሮ ወረቀትም ይሆናል፤ የተጻፈበት ገጽ ወደ ውስጥ ይዞርና ሌላ ንጹሕ ወረቀት ይለጠፍበታል። ከሁሉ የወደድነው ግን የሲሚንቶ ከረጢት ነው። ከረጢቱ በንብርብር የተሠራ ስለሆነ ሲሚንቶ የነካውን ትተን ንጹሑን ንብርብር እንወስዳለን። ይህን ግን መምህሩ ከክፍል ውጪ ያዘጋጅ፤ አቧራው ለዓይንም ለሳንባም ጥሩ አይደለም። ቡናማው ወረቀት ጠንካራ ነው፣ ጥቁርና ነጭ ቀለም ደግሞ በላዩ ያምራል።

ወረቀት እንደ እንጨት የጭረት አቅጣጫ አለው። በቁመቱም በወርዱም በቀስታ ሳይሰበር ለመጠፍ ሲሞከር በአንዱ በኩል እሺ ይላል፣ በሌላው ያምፃል። እሺ ባለው በኩል የታጠፈ ካርድ ጠርዙ አይቦጫጨቅም። ከመታጠፉ በፊት ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ በማስመሪያ ጠበቅ አድርጎ አንድ መስመር መሳብ ይበቃል።

ማህተሙን ለመሥራት ድንች ለሁለት ይቆረጣል። አቆራረጡ በአንድ ምት ቀጥ ያለ ይሁን፤ ገጹ ከተወላገደ መሐሉ አይታተምም። አንድ ድንች ሁለት ማህተም ይወጣዋል፣ አንዱን ማህተም ሁለት ልጆች በጋራ ይጠቀሙበታል፤ ስለዚህ ለ60 ተማሪ 15 ድንች። በምግብ መጫወት ነው ብሎ የሚቆጣ ወላጅ ቢመጣ ተገቢ ቁጣ ነው። እኛ የወሰድነው የጨጨና ለወጥ የማይሆን ድንች ነው። ድንች በሌለበት አገር ደግሞ ሌላ ሞልቷል። ፍሬው የተፈለፈለ ቆረቆንዳ ቀለም ተቀብቶ በወረቀት ላይ ሲንከባለል የነጠብጣብ ጥልፍ ይሠራል። የሸንበቆ ቁራጭና የእስክሪብቶ ክዳን ክብ ያትማሉ። ጥቅል ጎመን ለሁለት ሲቆረጥ ማንም ሊቀርጸው የማይችል ሐረግ በውስጡ አለ። ለአንደኛና ለሁለተኛ ክፍል ልጆች እነዚህ ይበቃሉ፤ ምላጭ በእጃቸው መስጠት ጨርሶ አያስፈልግም። ከፍ ላሉትም ቢሆን ምላጩ ግማሹ በካርቶን ተጠቅልሎ ለቡድን አንድ ይሰጥና ሲጨርሱ ተቆጥሮ ይመለስ።

ምስሉ በድንቹ ገጽ ላይ ይቀራል፣ ዙሪያው ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ተቆርጦ ይወድቃል። ሙሉ አበባ መቅረጽ ለልጅ አስቸጋሪ ነው። የአደይ አበባን አንዲት ቅጠል ብቻ ቀርጾ እሷኑ በክብ ደጋግሞ ማተም ይሻላል። ስንት ጊዜ? ይህን መምህሩ አይናገር፤ አደይ ስትፈነዳ ሄደው ቆጥረው ይምጡ።

እዚህ ላይ ከካርዱ ሥራ ሁሉ ለትምህርት የሚጠቅመው ክፍል ይመጣል። ማህተም የሚያትመው ገልብጦ ነው። ይህን በቃል ከማስረዳት ይልቅ ርዕሰ መምህሩ ፈቃደኛ ከሆኑ የትምህርት ቤቱን ክብ ማህተም አስመጥቶ ፊቱን ማሳየት ነው። ልጆቹ «እንዴ፣ ይሄማ የተበላሸ ነው!» ይላሉ። ከዚያ ወረቀት ላይ ሲመታ ተስተካክሎ ያነቡታል። ቀጥሎ በፊደላችን እንሞክር። «በ» ቢገለበጥ ያው «በ» ነው። «ሰ»ም እንደዚሁ። ነገር ግን «ባ» ሳይገለበጥ የተቀረጸ እንደሆነ ወረቀቱ ላይ «ቦ» ሆኖ ይወጣል! ምክንያቱም የራብዑ ቀኝ እግር ሲረዝም የሳብዑ ደግሞ ግራው ነው። «ሳ» «ሶ» ይሆናል፣ «ሻ» «ሾ» ይሆናል። «አበባ» የሚለውን ቃል እያንዳንዱን ፊደል ለየብቻ ሳይገለብጥ የቀረጸ ልጅ ሲያትም «አበቦ» ይወጣለታል። ቃሉን በሙሉ በአንድ ድንች ላይ ከቀረጸው ደግሞ ቅደም ተከተሉም ዞሮ «ቦበአ» ይሆናል። ካዕቡን «ቡ» ቢቀርጽ ቅጥያዋ በስተግራ ትበቅላለች፣ እንዲህ ያለ ፊደል ደግሞ በገበታው የለም።

ልጆቹ በዚህ በጣም ሳቁ። ሳቁ ይሳቅ፤ ነገር ግን ከሁለተኛ ክፍል ጀምሮ ሀሁን እንደ ዜማ ብቻ ሲሸመድዱ የኖሩ ልጆች የራብዕና የሳብዕን ልዩነት በዓይናቸው መርምረው ያወቁት በዚያ ቀን ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። የቋንቋ መምህራን ይህን ሃሳብ ቢወስዱት አንቀየምም።

ፊደል ገልብጦ ለመጻፍ ቀላሉ ዘዴ በስስ ወረቀት ላይ በደማቅ ቀለም ጽፎ ወረቀቱን አዙሮ በመስኮት ብርሃን ላይ በጀርባው መከተል ነው። ከዚያ ያ የተገለበጠው ጽሑፍ ወደ ላይ ሆኖ ድንቹ ላይ ይቀመጥና ጠርዝ ጠርዙን በመርፌ ጫፍ ይወጋል። ወረቀቱ ሲነሳ ነጥቦቹ መንገድ ያሳያሉ። ሙሉ «መልካም አዲስ ዓመት» ለመቅረጽ የሚነሳሳ ጎበዝ ይኖራል፤ ክፍለ ጊዜው ያልቅበታል። የተቀባዩን ስም የመጀመሪያ ፊደል ብቻ ቀርጾ ቀሪውን በእጅ መጻፍ ያምራል።

ቀለሙን ከወጥ ቤት አገኘነው። እርድ በጥቂት ውሃ ተፈልቶ ቢጫ ይሰጣል፣ የቡና አተላ ቡናማ፣ ቀይ ሥር ቀይ፤ የቀይ ሥሩ ግን ሲደርቅና ሲቆይ ወደ ቡናማ ይሄዳል። ከድስት ቂጥ የተፋቀ ጥላሸት ከግራር ሙጫ ጋር ሲለወስ የማይለቅ ጥቁር ነው፤ የብራና ጸሐፊዎቻችንም ጥቁር ቀለም ሲያዘጋጁ ጥላሸት ይጠቀማሉ። እርድ ሌላም ጥቅም አለው። በእርድ በታተመው ቢጫ ላይ የአመድ ውሃ ወይም የሳሙና ውሃ በላባ ጫፍ ሲነካ ወዲያው ቀላ ይላል። ሳይንስ የምታስተምሩ ይህን ልብ በሉ፤ እርድ አሲድንና ቤዝን ለመለየት የሚያገለግል ጠቋሚ ነው፣ ከላቦራቶሪ መጠበቅ የለበትም። ጉድለቱ ፀሐይ አለመቻሉ ነው። መስኮት ላይ የተሰቀለ የእርድ ካርድ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይገረጣል።

ማህተሙን ቀለም ውስጥ መንከር አያስፈልግም። የታጠፈ ጨርቅ በቆርቆሮ ክዳን ላይ አኑሮ ቀለሙን በዚያ አጥጥቶ፣ ማህተሙን በጨርቁ ላይ ቀስ አድርጎ መጫን ይበቃል። ድንች ራሱ ውሃ ስላለው ከመቀባቱ በፊት ገጹ በደረቅ ጨርቅ ይጠረግ። ቀለሙ ቀጥኖ የሚፈስ ከሆነ ጥቂት የዱቄት ኮላ ይጨመርበት። ሲታተምም ከወረቀቱ ሥር አሮጌ ጋዜጣ ደራርቦ ማንጠፍ ነው፤ በጠንካራ ዴስክ ላይ ብቻ የተመታ ማህተም መሐሉን ይዘላል።

ኮላው እንዲህ ነው። 1 ሲኒ የፉርኖ ዱቄት በ1 ሲኒ ቀዝቃዛ ውሃ ጓል እስኪጠፋ ይበጠበጣል፤ 4 ሲኒ ውሃ ሲፈላ ይጨመርና እስኪወፍርና ነጭነቱ እስኪቀንስ ይማሰላል። ጥቂት ጨው ቢገባበት ቶሎ አይሻግትም። ልጆች ኮላ ሲያገኙ የሚያደርጉትን ታውቃላችሁ፤ ሲበዛ ወረቀቱ ይጨማደዳል፤ በክብሪት እንጨት እየነኩ ስስ አድርገው ይቀቡ፣ የተለጠፈውም በመጻሕፍት ሥር ይደር።

ማኅተሙ ቀድሞ ልጠፋው ይከተላል። ጉብጉብ ባለ ነገር ላይ ማተም አይቻልምና። ስለዚህ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ይታተማል፣ በሁለተኛው የደረቀው ላይ ይለጠፋል። ለልጠፋው ከልብስ ሰፊ ደጃፍ የተሰበሰበ ቁርጥራጭ ጨርቅ፣ መሶብ ከሚሰፉ እናቶች የተረፈ ባለቀለም አክርማና ስንደዶ፣ ጥጥ፣ ቃጫ፣ የደረቀ ኮባ ያገለግላል። የአደይን ቅጠሎች በማህተም አትሞ መሐሏን በቢጫ ክር ጥቅል መሙላት አንዱ የልጆቹ ፈጠራ ነበር፤ እኛ አላሰብነውም። ሁሉም ያመጣው አንድ ጉንዲ ውስጥ ይገባና የጋራ ይሆናል። የባለሱቁ ልጅ የሚያብረቀርቅ ወረቀት ካመጣ እሰየው፣ እሱም ጉንዲው ውስጥ ይግባ። አንድ ማስጠንቀቂያ አለን፤ የጉሎ ፍሬ ዥንጉርጉርና አንጸባራቂ ስለሆነ ልጆች ለጌጥ ይመርጡታል፣ ነገር ግን መርዛም ስለሆነ ክፍል ውስጥ አይግባ።

የፖስታ ቴምብርም በካርድ ላይ ያምራል። ዛሬ ደብዳቤ የሚጽፍ ጥቂት ስለሆነ አንዳንድ ተማሪ ቴምብር በእጁ ይዞ አያውቅም። ከመሥሪያ ቤቶች አሮጌ ፖስታዎች ለምነን ቴምብሮቹን ከነፖስታው ወረቀት ቆርጠን፣ በቀዝቃዛ ውሃ 20 ደቂቃ ያህል ስንነክራቸው አብዛኞቹ በራሳቸው ለቀቁ። በፊታቸው ተደፍተው ጋዜጣ ላይ ከደረቁ በኋላ መጽሐፍ ውስጥ ይተኛሉ። በዚህ አጋጣሚ ስለ አመጣጣቸው ጥቂት መንገር ይቻላል። የአገራችን የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1886 ዓ.ም. ፓሪስ የታተሙ ሲሆኑ ቁጥራቸው 7 ነው፤ 4ቱ የንጉሠ ነገሥቱን መልክ፣ 3ቱ አንበሳ ይዘዋል። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በ1901 ዓ.ም. ነው። ቴምብሩ ላይ የተመታው የፖስታ ቤት ማህተምም ተገልብጦ የተቀረጸ እንደሆነ ልጆቹ አሁን ሳይነገራቸው ያውቁታል፤ ቀኑንና ከተማውን እንዲያነቡ ይጠየቁ። በጣም ያረጀ ቴምብር ከተገኘ ግን ካርድ ላይ አይለጠፍ፣ ለትምህርት ቤቱ ይቀመጥ።

ስለ ነጥብ አሰጣጥ በመካከላችን ስምምነት አልነበረም። አንዳንዶቻችን ለተቀባዩ የሚሆን ነገር ነጥብ አይሰጠውም አልን። መዝገቡ ግን ቁጥር ይፈልጋል። በመጨረሻ ለማህተሙ ጥራት 4፣ ለአጣጠፍና ለልጠፋው 3፣ ውስጥ ለተጻፈው ዓረፍተ ነገር አጻጻፍ 3 አልን። የተጻፈውን ለመምህሩ ማሳየት የማይፈልግ ተማሪ ካለ አጻጻፉ በሌላ ወረቀት ይታረምለታል። ካርዶቹን ለኤግዚቢሽን ወር ሙሉ ግድግዳ ላይ ማዋልንም አልደገፍነውም። አንድ ቀን ይታዩ፣ ከዚያ ለባለቤቶቻቸው ይሂዱ።

የቀረው የወቅቱ ጉዳይ ነው። እንቁጣጣሽ ሲደርስ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ስለዚህ ትምህርቱ ግንቦት ላይ ይሰጥና ልጆቹ ክረምቱን ቤታቸው ይሥሩበት እንላለን። ድንች ደግሞ በጥቂት ቀን ይጨማደዳል። ለዚህ መፍትሔው ከጎሚስታ የሚገኝ አሮጌ ካላማዳሪያ ነው። ጎማው በመቀስ ተቆርጦ በእንጨት ቁራጭ ላይ ይለጠፋል፤ ይህ ማህተም ዓመታት ይቆያል። ማጣበቂያው ማስቲሽ ስለሆነ ግን ሽታው ጎጂ ነውና መምህሩ ብቻውን ደጅ ሆኖ ያጣብቀው፣ ቆርቆሮውንም ክፍል ውስጥ አይተወው። ባለቀ ላጲስ ላይም ትንንሽ ፊደል ይቀረጻል።

እኛ ለልምምድ የሠራናቸው 23 የጎማ ማህተሞች በእጅ ሥራ ክፍሉ ቁም ሣጥን፣ በታችኛው መደርደሪያ ላይ በካርቶን ውስጥ አሉ። «ባ» እና «ቦ» እንዳይደባለቁ በእንጨቱ ጀርባ ላይ የሚያትሙት ፊደል ተጽፏል። የሚያስፈልገው ሠልጣኝ መውሰድ ይችላል። ሲመልስ ቀለሙን አጥቦ፣ አድርቆ ይሁን፤ እርድ ጎማ ላይ ከደረቀ ማስለቀቁ አበሳ ነው።